ብቸኛ ነኝ ያለው መንገደኛ፦ የቤንዋ ማንደልብሮት ግለ ታሪክ ሲዳሰስ

አንድ የዶክትሬት ተማሪ ፓሪስ ውስጥ ከአጎቱ ዘንድ ሊወጣ ሲል በምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ የሚያነበው ነገር ይጠይቃል። አጎትየው ስመ ጥር የሒሳብ ሊቅ ነው። እጁን ወደ ወረቀት መጣያው ቅርጫት ሰድዶ፣ ቀደም ሲል የጣለውን አንድ የመጽሐፍ ግምገማ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለውን የማይረባ ነገር የምትወድ አንተ ነህ በሚል ስሜት። ግምገማው ጆርጅ ዚፕፍ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ስለ ቃላት ድግግሞሽ የጻፈውን ይመለከታል። በአንድ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ያሉትን ቃላት በብዛታቸው ብንደረድራቸው፣ ሁለተኛው የአንደኛውን ግማሽ፣ አሥረኛው ደግሞ የአንደኛውን አንድ አሥረኛ ያህል ጊዜ ይመጣል ነው ነገሩ። ተማሪው ከባቡሩ እስኪወርድ ድረስ ለዚህ ሕግ የተሻለ ቀመር አገኘለት። በ1952 ለፓሪስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ግማሹ ከዚያ ቅርጫት የወጣ ነው። (በዚህ ዳሰሳ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተማሪው ቤንዋ ማንደልብሮት ነው። ኋላ «ፍራክታል» የሚለውን ቃል ለዓለም የሰጠው፣ ደመናንና ተራራን፣ የባሕር ዳርቻንና የገበያ ዋጋን በአንድ ጂኦሜትሪ ዓይን እንድናይ ያስተማረው ሰው። ትዕይንቱ የተወሰደው «ዘ ፍራክታሊስት» ብሎ ከሰየመው ግለ ታሪኩ ነው፤ ንዑስ ርዕሱ ደራሲውን ከመንጋው ያፈነገጠ የሳይንስ ሰው አድርጎ ያቀርበዋል። ማንደልብሮት በኦክቶበር 2010 በ85 ዓመቱ ሲያርፍ መጽሐፉን ታትሞ ለማየት አልታደለም፤ የወጣው በ2012 ነው። ዳሰሳዬን ከቅርጫቱ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ተራኪው በየምዕራፉ ብቻዬን ሄድኩ ይለናል፤ ታሪኩ ግን በየምዕራፉ የሌላ ሰው እጅ ያሳየናል። የመጽሐፉ ውበትም ድክመትም የሚመነጨው በተራኪው ቃልና በታሪኩ ምስክርነት መካከል ካለው ከዚህ ክፍተት ይመስለኛል።

መዋቅሩ ቀላል ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ በ1924 ዋርሶ ላይ ከመወለዱ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ያለው ልጅነትና ወጣትነት፤ ከዚያ እስከ 1958 ድረስ ያለው የትምህርትና የመንከራተት ዘመን፤ በመጨረሻም አይቢኤም ገብቶ ፍሬ ያፈራበት ረጅም ዕድሜ። ትረካው የጊዜን ቅደም ተከተል አይለቅም፤ ምዕራፎቹ አጫጭር፣ አንቀጾቹም ቁጥብ ናቸው። ክፍሉ ሙሉውን ይመስላል ብሎ ያስተማረ ሰው በግለ ታሪኩ ቅርጽ ላይ ደፋር ሙከራ ያደርግ ይሆን ብሎ የጠበቀ አንባቢ ያንን አያገኝም። አንድ የሚደጋገም ቅርጽ ግን አለ። ማንደልብሮት በአንድ ወቅት የናቀው ወይም የሸሸው ነገር ከዓመታት በኋላ ዞሮ ይመጣና የሕይወቱ ዋና ሥራ ይሆናል። ይህ ቅርጽ ታስቦ የተሠራም ይሁን ሳይታሰብ የመጣ፣ ትረካውን አንድ አድርጎ የሚያስተሳስረው እሱ ነው።

ከሦስቱ ክፍሎች በሥነ ጽሑፍ ሚዛን የሚልቀው የመጀመሪያው ነው። ቤተሰቡ ከሊትዌኒያ አይሁድ የተገኘ ነው። አባቱ በልብስ ንግድ የሚኖር፣ እናቱ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። በ1936 ከዋርሶ ወደ ፓሪስ ተሰደዱ፤ ፖላንድ የቀሩት ወዳጅ ዘመዶቻቸው የገጠማቸውን ስናውቅ ውሳኔው ምን ያህል ከባድና ምን ያህል ትክክል እንደነበር ይገባናል። ጀርመን ፈረንሳይን ስትወርር ቤተሰቡ ቱል ወደምትባል የገጠር ከተማ ሸሸ። ቤንዋና ታናሽ ወንድሙ ሊዮን በሐሰት መታወቂያ ከቦታ ቦታ ተሸሸጉ፤ የእጅ ሥራ ተለማማጅ ሆኑ፤ በፈረስ እርባታ ቦታም ሠሩ። ተራኪው ይህን ሁሉ ሲያወራ አያለቅስም፣ አንባቢውንም አያስለቅስም። አረፍተ ነገሩ ደረቅ፣ ዝርዝሩ የተመረጠ ነው። ፍርሃቱን ከቃሉ ይልቅ በዝምታው እንሰማዋለን፤ ይህ ደግሞ በግለ ታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ቀላል ጥበብ አይደለም።

በዚህ ክፍል ያለ አንድ ትዕይንት መላውን መጽሐፍ የሚያበራ ነው። አባቱ ታስሮ ከነበረበት ካምፕ እስረኞቹን የፈረንሳይ አርበኞች ያስለቅቋቸዋል። የተለቀቁት በአንድነት ሆነው በዋናው መንገድ ይጓዛሉ። አባትየው ግን ነገሩ አላማረውም፤ ከሰዎቹ ተነጥሎ በጫካው ውስጥ ብቻውን መሄድ ይመርጣል። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን አውሮፕላን መጥቶ በመንገዱ ላይ የነበሩትን በጥይት ያጭዳቸዋል። ልጁ ከዚህ ታሪክ የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ሰው በብዛት በሚሄድበት መንገድ አትሂድ። ከዚያ በኋላ በሙያው የወሰዳቸውን ውሳኔዎች ሁሉ በዚህ መነጽር ያያቸዋል። እንደ ሥነ ጽሑፋዊ ምልክት ስንመዝነው ኃይለኛ ነው። እንደ ሳይንሳዊ የሕይወት ታሪክ ማስረጃ ግን ትዕይንቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ተጭኖበታል፤ ወደ ምክንያቱ ኋላ ላይ እመለሳለሁ።

በ1944 ሊዮን ከተማ ውስጥ በተሸሸገበት ትምህርት ቤት አንድ ነገር ስለ ራሱ ያውቃል። መምህሩ በቀመር የሚያቀርበውን ጥያቄ እሱ ወዲያው በቅርጽ ያየዋል፤ አልጀብራው በዓይነ ኅሊናው ወደ ክብ፣ ወደ ኳስ፣ ወደ ጠመዝማዛ መስመር ይለወጣል። በፈረንሳይ ከሁሉ የከበዱትን የመግቢያ ፈተናዎች ያለፈው በዚህ ስጦታ ነው። ኤኮል ኖርማል ተቀበለው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ትቶት ወጣና ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። ምክንያቱ ቡርባኪ ነበር። ይህ የሒሳብ ሊቃውንት ቡድን ሒሳብን ከሥዕልና ከተፈጥሮ አጽድቶ በንጹሕ መዋቅር ላይ ሊያቆመው የተነሣ ሲሆን፣ የፈረንሳይን ዩኒቨርሲቲዎች እየተቆጣጠረ ነበር። ከቡድኑ መሥራቾች አንዱ አጎቱ ሾለም ነበር፤ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የሒሳብ መንበር የያዘው ያ የቅርጫቱ ባለቤት። መጽሐፉ አጎትየውን የሚሥልበት መንገድ ከሁሉ የበለጠ አስደስቶኛል። ሾለም በአንድ ጊዜ ጠባቂ፣ ተቃዋሚ፣ አርአያና መሰናክል ነው። የወንድሙ ልጅ እንደ ሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር ሥርዓት ባልታየበት ሜዳ ሥርዓት የማግኘት ሕልም እንዳለው ሲነግረው አጎት ሕልሙን የልጅ ቅዠት አድርጎ ያየዋል። ሁለቱ በተገናኙ ቁጥር ትረካው ይሞቃል፤ ይህን የመሰለ ሙሉ ገጸ ባሕርይ በሦስተኛው ክፍል ፈልጌ አላገኘሁም።

የመንከራተቱ ዘመን ፈጣንና አንዳንዴም ጥድፊያ የሚታይበት ነው። ካልቴክ፣ የፈረንሳይ አየር ኃይል፣ ፓሪስ፣ ፕሪንስተን፣ ጄኔቫ ከዣን ፒያዤ ዘንድ፣ ሊል፤ ስሞች እንደ ባቡር ጣቢያ ያልፋሉ። የፕሪንስተኑ ትዕይንት ግን ቆም ያሰኛል። ማንደልብሮት በ1953 ጆን ፎን ኖይማን ጋብዞት ወደ ከፍተኛ ጥናት ተቋሙ ሄዷል። አንድ ቀን ንግግር ያቀርባል። ታላላቆቹ ሊቃውንት ያንቀላፋሉ፤ ሲጨርስ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊው ኦቶ ኖይገባወር ተነሥቶ በሕይወቱ ከሰማው ንግግር ሁሉ የከፋ እንደሆነ ይናገራል። ወጣቱ ድርቅ ብሎ ቀረ። ያኔ ሮበርት ኦፐንሃይመር ብድግ ብሎ፣ ተናጋሪው ከፈቀደልኝ ብሎ፣ የንግግሩን ፍሬ ነገር ለታዳሚው በሚገባ ያብራራል፤ ቀጥሎ ፎን ኖይማን ይነሣና በራሱ በኩል ይጨምርበታል። ውርደቱ ወደ ክብር ተለወጠ። ደራሲው ይህን ሲተርክ እጅግ የተዋጣለት ነው፤ ፍጥነቱ፣ የቃላቱ ምጣኔ፣ የተመልካቹ ዝምታ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቸኛውን መንገደኛ ያዳኑት የዘመኑ የሳይንስ ማኅበረሰብ ሁለት ምሰሶዎች ናቸው።

ወደ ሦስተኛው ክፍል ከመግባቴ በፊት ስለ ሒሳቡ አንድ ነገር ልበል፤ መጽሐፉ ራሱ በዚህ በኩል ስስታም ነውና። ቀመር የለበትም ማለት ይቻላል። ሰፊ አንባቢ ፈልጎ ከሆነ ይገባኛል። ሆኖም የአንድ የሒሳብ ሊቅ ሕይወት ያለ ሒሳቡ ሲነገር፣ የዜማ ሊቅን ታሪክ ያለ ዜማ እንደ መስማት ነው። በ1967 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተመው፣ የብሪታንያ የባሕር ዳርቻ ርዝመቱ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው አጭር ጽሑፍ ከገጾቹ ማነስ ጋር የማይመጣጠን ጥልቀት አለው። መነሻው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። ሪቻርድሰን በሃይማኖቱ ምክንያት ጦርነትን የሚጠላ ሰው ነበር፤ አገሮች በሚዋሰኑበት ድንበር ርዝመትና በመካከላቸው በሚነሣው ጦርነት መካከል ዝምድና ይኖር እንደሆነ ሊመረምር የድንበር ልኬቶችን ሰበሰበ። እናም አንድ እንግዳ ነገር አየ። ስፔን ከፖርቱጋል ጋር ያላትን ድንበር 987 ኪሎ ሜትር ስትለው፣ ፖርቱጋል ያንኑ ድንበር 1214 ኪሎ ሜትር ትለዋለች። ማንም አልዋሸም። በአጭር ዘንግ የለካ ብዙ ጠመዝማዛ ያገኛል፣ በረጅም ዘንግ የለካ ጠመዝማዛውን ዘልሎ ያልፋል።

ሪቻርድሰን ቁጥሮቹን ትቶ አለፈ፤ ማንደልብሮት ግን ትርጉማቸውን አየ። ዘንጉ ባጠረ ቁጥር ርዝመቱ ያለ ገደብ የሚያድግ ከሆነ፣ ርዝመት ለእንዲህ ያለ መስመር ትክክለኛ መለኪያ አይደለም። መለኪያው ርዝመቱ የሚያድግበት ፍጥነት መሆን አለበት። ከዚያም ፌሊክስ ሃውስዶርፍ የተባለ የሒሳብ ሊቅ በ1918 ስለ አውታር ካቀረበው ሐሳብ ጋር አገናኘው። ነጥብ አውታር የለውም፤ መስመር አንድ፣ ገጽ ሁለት፣ ጠጣር አካል ሦስት አውታር አለው ብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። የብሪታንያ ምዕራባዊ ዳርቻ ግን 1.25 አውታር አለው፤ ከመስመር ይበልጣል፣ ከገጽ ያንሳል። ለስላሳው የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ 1.02 ነው። ሄልገ ፎን ኮኽ በ1904 ያቀረበው ዝነኛ ጠመዝማዛ ነገሩን ያስረዳል፦ እያንዳንዱን ቀጥ ያለ መስመር ለሦስት ከፍለህ መካከለኛውን አውጣና በቦታው እንደ ጎጆ ክዳን ሁለት ዘንጎች አቁም። በየእርምጃው ርዝመቱ በአንድ ሦስተኛ ያድጋል፤ አሥር እርምጃ ስትሄድ ወደ 18 እጥፍ ይጠጋል፣ ቅርጹ ግን በእጅህ መዳፍ ላይ እንደነበረ ነው። አውታሩ 1.26 ገደማ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና የ20ኛው መጀመሪያ ሊቃውንት እንዲህ ያሉትን ቅርጾች እንደ ጭራቅ ቆጠሯቸው። የማንደልብሮት ታላቅነት እነዚህ ጭራቆች በደጃችን ያሉ ተራራዎች፣ የሳንባችን ቧንቧዎች፣ በጉሊት የምንገዛው አበባ ጎመን ናቸው ብሎ ማሳየቱ ነው። በ1975 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ ከላቲኑ «ፍራክቱስ»፣ ማለትም ከ«ስብርባሪ»፣ ቃሉን ፈጠረ። ሸካራነት መለኪያ አገኘ።

ይህ ሁሉ የተሠራው ከዩኒቨርሲቲ ውጪ መሆኑ የሦስተኛው ክፍል ዋና ጭብጥ ነው። በ1958 ለአንድ በጋ ብሎ ወደ አይቢኤም የምርምር ማዕከል ሄደ፤ 35 ዓመት ቆየ። ስለ ተቋሙ የጻፈው ምስጋና እውነተኛና የተመዘነ ነው። ኩባንያው ኮምፒዩተር ሰጠው፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሰጠው፣ ከኢኮኖሚ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ከዋክብት ሲዘል ለምን ብሎ አልጠየቀውም። አንድ የሙያ ዘርፍ ብቻ የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ይህ ትዕግሥት ይኖረው ነበር ብዬ አላስብም። የተቀሩት ገጾች ግን የግብዣና የሽልማት ዝርዝር እየሆኑ ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ክፍል ቁጥብነት እዚህ ይጠፋል። ያ በጦርነት ዘመን ገጾች ዝምታን የሚያውቅ ድምፅ፣ በክብር ዘመን ገጾች መቼ ዝም እንደሚባል ይረሳል።

ከዚህ ክፍል የጥጡ ምዕራፍ ጎልቶ ይወጣል። ማንደልብሮት ሃርቫርድ ውስጥ ሊናገር ሄዶ በኢኮኖሚ ምሁሩ በሄንድሪክ ሃውታከር ክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ሥዕል ያያል፤ እሱ ስለ ገቢ ክፍፍል ሊያቀርብ የመጣውን ሥዕል ቁርጥ ይመስላል። ሃውታከር የሣለው ግን የጥጥ ዋጋን ነው፤ እንደተለመደው የደወል ቅርጽ ባለው ሥርጭት ሊያስገባው ታግሎ አልገባ ብሎት። ማንደልብሮት መረጃውን ይዞ ሄደ። በ1963 ያሳተመው ጽሑፍ የዋጋ ለውጥ ከደወሉ ሥርጭት እጅግ በተለየ መልኩ ታላላቅ ዝላዮች እንዳሉት፣ የቀኑና የወሩ ለውጥም አንድ ዓይነት ቅርጽ እንዳለው አሳየ። ለዚህ የተጠቀመበት ሒሳብ የፖሊቴክኒክ መምህሩ የፖል ሌቪ ነው። የገንዘብ ገበያዎች ከዚያ ወዲህ በተናወጡ ቁጥር ይህ ጽሑፍ ደጋግሞ ተነሥቷል፤ ደራሲው ይህን ሲያስታውስ በድምፁ ውስጥ ያለውን ቁጭት አልነቅፍበትም፣ ይገባዋልና።

ለአማርኛ አንባቢ ግን ከጥጡ ይልቅ የወንዙ ነገር ይቀርባል፤ በመጽሐፉ ከዚህ የሰፋ ስፍራ ቢያገኝ እወድ ነበር። ሃሮልድ ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ግብፅ ውስጥ በርካታ አሥርት ዓመታት የናይልን ውኃ ሲለካ ኖረ። ጥያቄው የግድብ ነበር፦ በጥጋብ ዓመት የሚተርፈው በድርቅ ዓመት እንዲበቃ ምን ያህል ማጠራቀም ያስፈልጋል? የአንዱ ዓመት ውኃ ከሌላው ጋር ዝምድና ከሌለው፣ ዘመኑ መቶ እጥፍ ሲረዝም የሚያስፈልገው ማጠራቀሚያ አሥር እጥፍ ብቻ ያድጋል። ኸርስት በ1951 ያሳተመው ግን የዚህ ዕድገት አርቢ 0.5 ሳይሆን 0.73 ገደማ እንደሆነ ነው፤ ማጠራቀሚያው አሥር ሳይሆን 29 እጥፍ ያህል ያድጋል ማለት ነው። ክፉ ዓመት ክፉን፣ ደግ ዓመት ደግን ይጎትታል። አስዋን ላይ የሚለካው ውኃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው፤ የክረምታችን ዝናብ ያለ አንዳች ደብዳቤ የላከው መልእክት ነው። ማንደልብሮት ከጄምስ ዋሊስ ጋር በ1968 ባወጣው ጽሑፍ ለዚህ ጠባይ ከኦሪት ስም አወጣለት። ረጅሙን የጥጋብና የረኃብ ተከታታይ በዮሴፍ፣ ድንገተኛውን ታላቅ መዓት በኖኅ ሰየመ። ስያሜው ውብ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ነው፤ ሁለቱ ጠባዮች በሒሳብም ይለያያሉና። የዮሴፉ በጊዜ ውስጥ ያለ ትውስታ ሲሆን የኖኅ ደግሞ የአንድ ቀን መጠን ነው። ለነገር ትክክለኛ ስም መስጠት የባለቅኔ ሥራ ነው፤ ማንደልብሮት ይህ ስጦታ ነበረው፣ የመጽሐፉም ቋንቋ ከሁሉ የሚያምረው በስያሜዎቹ ላይ ነው።

በስሙ የሚጠራው ስብስብም ምዕራፉን አግኝቷል። አሠራሩ ሕፃን ሊከተለው ይችላል። ከዜሮ ተነሥተህ ቁጥሩን በራሱ ታባዛለህ፣ አንድ ቋሚ ኮምፕሌክስ ቁጥር ትደምርበታለህ፣ ውጤቱን እንደገና በራሱ ታባዛለህ፣ ትቀጥላለህ። አንዳንዱ ቋሚ ቁጥር ሩጫውን ወደማያልቅ ይሰደዋል፤ አንዳንዱ አጠገብህ ያስቀረዋል። የሚያስቀሩትን ቁጥሮች በነጥብ ስትሥላቸው በ1980 የታተመው ያ እንግዳ ጥቁር ቅርጽ ይወጣል፤ ዳርቻውን ባጎላኸው ቁጥር ራሱን የሚመስሉ ትናንሽ ቅርጾች በየጥጉ ታገኛለህ። እዚህ ላይ ከላይ ያነሣሁት የመመለስ ቅርጽ በሙሉ ኃይሉ ይታያል። በ1945 አጎቱ የጋስቶን ዡሊያን የ1918 ጽሑፍ ሰጥቶት፣ ድንቅ ሥራ ነው፣ አንብበው ብሎት ነበር። ወጣቱ አልወደደውም፤ ዡሊያ በፖሊቴክኒክ መምህሩ ሆኖ እንኳን አልሳበውም። ከ35 ዓመት በኋላ ኮምፒዩተር ይዞ ወደዚያው ጽሑፍ ተመለሰ። ዡሊያና ፒየር ፋቱ በአእምሯቸው ብቻ ያዩትን እሱ በወረቀት ላይ አተመው። በልቦለድ ቢጻፍ የተጋነነ ሴራ እንለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነቀፌታዬ ልምጣ። አፈንጋጭና ብቸኛ የሚለው ሥዕል የመጽሐፉን ማስረጃ አይመጥንም። የዶክትሬቱን ርዕስ የሰጠው አጎቱ ነው። ያዳኑት ኦፐንሃይመርና ፎን ኖይማን ናቸው። የጥጡን መረጃ የሰጠው ሃውታከር ነው፣ የድንበሩን ሪቻርድሰን፣ የወንዙን ኸርስት። የመጀመሪያዎቹን አስደናቂ የተራራ ምስሎች በኮምፒዩተር የሠራው የሥራ ባልደረባው ሪቻርድ ቮስ ነው። የስብስቡን ደብዛዛ የመጀመሪያ ምስል ሮበርት ብሩክስና ፒተር ማቴልስኪ በ1978 ሠርተውት ነበር። በስሙ የሰየሙትና ጥልቅ ሒሳቡን የገነቡት ኤድሪየን ዱዋዲና ጆን ሀባርድ ናቸው። ይህ ዝርዝር ማንደልብሮትን አያሳንሰውም። እነዚህ የተበታተኑ ሰዎች አንድ ጉዳይ እያጠኑ መሆናቸውን ያየ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም፤ ማየት ደግሞ ታላቅ ሥራ ነው። ቅሬታዬ ተራኪው ይህን የማገናኘት ጥበብ እንደ ዋና ችሎታው ከማክበር ይልቅ በአባቱ የጫካ መንገድ ምሳሌ ስለሸፈነው ነው። የሚገርመው፣ በ1982 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ «የተፈጥሮ ፍራክታል ጂኦሜትሪ» ውስጥ ለሪቻርድሰን፣ ለዚፕፍ፣ ለሌቪ፣ ለኸርስት የሕይወት ታሪክ ምዕራፍ ከፍቶ በሙሉ ልብ አመስግኗቸዋል። ያኛው መጽሐፍ የሒሳብ ሆኖ ሳለ ለሰዎች ሰፊ ቦታ አለው፤ ይህኛው የሰው ታሪክ ሆኖ ሳለ ሰዎቹን አሳጠራቸው።

ሁለተኛው ነቀፌታዬ ስለ ተቃዋሚዎቹ ነው። ብዙ የሒሳብ ሊቃውንት ሥዕል ማስረጃ አይደለም ብለው ተከራክረዋል፤ ስቲቨን ክራንትዝ በ1989 በይፋ በጻፈው ሂስ የፍራክታል ጂኦሜትሪ ከምስል አልፎ የትኛውን የሒሳብ ችግር ፈታ ሲል ጠየቀ። ማንደልብሮት መልስ ሰጥቶታል። በግለ ታሪኩ ግን ይህ ክርክር የሐሳብ ክርክር መሆኑ ቀርቶ የጠባብ ሰዎች ቅናት መልክ ይይዛል። የሁለቱን ወገን ሚዛን የሚያሳይ ግሩም ታሪክ በእጁ ነበር። በስሙ በሚጠራው ስብስብ የመጀመሪያ ኅትመቶች ላይ በዋናው ቅርጽ ዙሪያ ተነጥለው የሚታዩ ነጠብጣቦች ነበሩና ስብስቡ የተበታተነ መስሎት ነበር። ዱዋዲና ሀባርድ በ1982 አንድ ወጥና የተያያዘ መሆኑን በማረጋገጫ አሳዩ፤ ነጠብጣቦቹን የሚያያይዙት ክሮች ለዓይን እጅግ የቀጠኑ ናቸው። ዓይን ጥያቄውን አመጣ፣ ማረጋገጫ ዓይንን አረመ። በ1990ዎቹ ሚትሱሂሮ ሺሺኩራ የዚህ ስብስብ ዳርቻ አውታር ልክ 2 መሆኑን አረጋገጠ፤ መስመር ሆኖ ሳለ እንደ ገጽ የሻከረ ማለት ነው። ቡርባኪን የሸሸው ሰው የተወው ሥዕል የቡርባኪን ትውልድ ጥብቅ ሒሳብ ይዞ ወደ ፊት ሄደ። ይህ ምዕራፍ በሙሉ ስፋቱ ቢጻፍ ኖሮ መጽሐፉ ከግል ክብር ወደ ሐሳብ ታሪክ ከፍ ይል ነበር።

አንድ የጎን ነገር ልጨምር። የማንደልብሮት ቃል እሱ ካሰበው በላይ ርቆ ሄዷል። ሮን ኤግላሽ በ1999 ባሳተመው «የአፍሪካ ፍራክታሎች» በተሰኘ ጥናቱ ከመረመራቸው ቅርጾች አንዱ የኢትዮጵያ የዑደት መስቀል ነው፤ በመስቀሉ ጫፍ መስቀል፣ በዚያም ጫፍ ሌላ መስቀል። አንጥረኛው ይህን ሲሠራ ሃውስዶርፍን አላነበበም። ከበዓል ሰልፍ ስንመለስ ያላየነውን ነገር በእጃችን ይዘን እንደነበር ያሳወቀን ግን ይህ አዲስ ቃል ነው።

ስለ ዬል ዩኒቨርሲቲ የተጻፉት የመጨረሻ ገጾች ትሕትና የተመለሰባቸው ናቸው። በ1987 ወደዚያ ሄደ፤ ቋሚ የፕሮፌሰርነት መንበር ያገኘው በ1999 ነው፣ ሰባ አምስተኛ ዓመቱን ሊደፍን ሲል። ሌላው ሰው ጡረታ በወጣበት ዕድሜ የመምህርነት ደስታን ያገኘ ሽማግሌ ድምፅ ይሰማል። የሥራ ባልደረባው ማይክል ፍሬም በመጨረሻ ያከለው ጽሑፍ አጭርና በፍቅር የተሞላ ነው፤ ተራኪው ስለ ራሱ ሊናገረው ያልቻለውን የለስላሳ ወገኑን ያሳየናል።

ፍርዴ ይህ ነው። «ዘ ፍራክታሊስት» እንደ ጦርነት ዘመን ማስታወሻ እጅግ ጥሩ፣ እንደ አጎትና የወንድም ልጅ ታሪክ ግሩም፣ እንደ ሳይንሳዊ ግለ ታሪክ ግን ጎዶሎ መጽሐፍ ነው። ጉድለቱ የሚሞላው ከደራሲው ከራሱ ሥራዎች ነው። ስለዚህ የሒሳብ ተማሪ ከሆንክ በመጀመሪያ የ1967ቱን የባሕር ዳርቻ ጽሑፍ አንብብ፤ ካርታ አውጣና የጣናን ዳርቻ በረጅምና በአጭር ዘንግ ራስህ ለካው። ቀጥሎ የ1982ቱን መጽሐፍ የሕይወት ታሪክ ምዕራፍ ግለጥ። ግለ ታሪኩን በመጨረሻ አንብበው፤ ያኔ በየገጹ የተሸሸጉትን አበዳሪዎች በስማቸው ታውቃቸዋለህ።